«እኛ ጋ» ስንል የት ማለታችን ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

ውጭ አገር የሚሠራ ሰው ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንዱ «ስንት ይከፍሉሃል?» ነው። ሌላው «መቼ ትመለሳለህ?» ነው። የመጀመሪያውን ዛሬ አልነካውም። ደመወዝ ከአገር አገር፣ ከሙያ ሙያ ስለሚለያይ የእኔን ብነግራችሁ ምንም አይፈይድላችሁም። ሁለተኛው ግን ለዓመታት ሲያስቸግረኝ የኖረ ጥያቄ ነው። ከሁለት በኩል ነበራ የሚመጣው። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ስሄድ፣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ «መቼ ትመለሳለህ?» ይሉኛል። ለዚያው እረፍት ከቢሮ ስወጣ ደግሞ ባልደረቦቼ ያንኑ ጠይቀውኛል። ግሱ አንድ፣ አቅጣጫው ሁለት። ሰው የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። ሁለቱም ወገን «ትመለሳለህ» ካለኝ ቤቴ የቱ ነው?

የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ለመሄድ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሄዳችሁ የተመለሳችሁም አላችሁ። እናንተ ስሳሳት አርሙኝ።

ሙያዬ የስትራክቸር ዲዛይን ነው። ኮለኑ፣ ሕንፃውን የሚሸከመው ምሰሶ ማለት ነው፣ ስንት በስንት ይሁን፣ ፌሮው፣ ውስጡ የሚገባው ብረት፣ ስንት ቁጥር ይሁን እያልን የምናሰላ ሰዎች ነን። ስሄድ የሰባት ዓመት ልምድ ይዤ ነበር። በራሴም በጣም እተማመን ነበር። የእኛ ሥራ ሒሳብ ነው፣ ሒሳብ ደግሞ አገር የለውም ብዬ ነው የተነሳሁት።

አገር አለው።

በሁለተኛው ወር አንድ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ተሰጠኝ። የኮንክሪቱ ጥንካሬ 30 ይላል፣ 30 ሜጋፓስካል። አሰላሁ፣ ኮለኖቹን አወጣሁ፣ አስረከብኩ። የእኔን ሥራ የሚፈትሸው ሰውዬ ጠራኝ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ ሲያገላብጥ ቆየና «ኮለኖችህ ለምንድን ነው እንዲህ የወፈሩት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካው ናሙና ተሞልቶ፣ 28 ቀን ቆይቶ፣ በማሽን ተጨፍልቆ ነው። ናሙናው በአንዳንድ አገር በሁሉም በኩል 150 ሚሊሜትር የሆነ ኪዩብ ነው። በሌላ አገር ደግሞ 150 ሚሊሜትር ወርድና 300 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሲሊንደር ነው። ከአንድ ቅልቅል ሁለቱን ብትሞሉ አንድ ቁጥር አታገኙም። የማሽኑ ሳህኖች አጭሩን ኪዩብ ከላይና ከታች ጨብጠው ስለሚይዙት ቶሎ አይሰበርም። የረጅሙ ሲሊንደር ወገብ ግን ምንም አይደግፈውም፣ ስለዚህ ቀድሞ ይሄዳል። የሲሊንደሩ ቁጥር የኪዩቡን 80 ከመቶ ያህል ነው። የአውሮፓ ደንብ ይህን ጣጣ ስለሚያውቅ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፋል። «ሲ 25/30» ሲል 25 በሲሊንደር፣ 30 በኪዩብ ማለቱ ነው።

እኔ ያደግኩት በኪዩብ ነው። እዚያ ሲሊንደር ነበር። እነሱ 30 ሲሉ በእኔ ጆሮ 25 ሆኖ ገባ። ኮንክሪቱ ደካማ ነው ብዬ ስላሰላሁ ኮለኖቼ በከንቱ ወፈሩ። ደግነቱ ስህተቱ ወደ ደህናው በኩል ነው። ከሲሊንደር አገር ወደ ኪዩብ አገር የሄደ መሐንዲስ እንደ እኔ ቢሳሳት ኮለኑ ይሳሳበት ነበር። ያ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ሰውዬው አልተቆጣም። «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» አለኝ። ሰባት አልኩት። «በሰባት ዓመት ውስጥ ይሄ 30 የምን 30 ነው ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይጠየቃል እንዴ?

ያን ቀን ማታ አንድ ደብተር ገዛሁ። ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ከፈልኩት። በአንዱ ወገን «የማውቀው»፣ በሌላው ወገን «የለመድኩት» ብዬ ጻፍኩ። ኮንክሪት ለምን እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። 30 ኪዩብ መሆኑን ግን ለምጄው ነው። ደብተሩ ቶሎ ሞላ። 1.500 ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አንዱ አገር አንድ ተኩል ነው፣ ሌላው አገር አንድ ሺህ አምስት መቶ። 03/04 አንዱ ጋ ኤፕሪል 3 ነው፣ ሌላው ጋ ማርች 4። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ ስብሰባ ነበር። እኔ ያደግኩት ታናሽ እስኪጠየቅ ይጠብቃል በሚል ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እዚያ ቢሮ ግን ዝምታ ፊርማ ነበር። ዝም ካልክ ተስማምተሃል። በልቤ ያልተስማማሁባቸው ስንትና ስንት ነገሮች በእኔ ስም አልፈዋል! ስድስት ወር ሙሉ አላወቅኩም።

ለዚህ ነው «ውጭ አገር መሥራት ሙያ ይጨምራል» ሲባል ፈጥኜ ራሴን የማልነቀንቀው። መጀመሪያ ይቀንሳል። ሰባት ዓመት ያልኩት ልምድ ሲጣራ ምናልባት አራቱ እውቀት ነው። የቀረው ሦስቱ ማን ጋ መደወል እንዳለብኝ፣ የትኛውን ቅጽ ማን እንደሚፈርም፣ አለቃዬ ሲቆጣ ምን እንደሚያበርደው ማወቅ ነበር። ይህ ሁሉ ጥሩ እውቀት ነው፣ አልንቀውም። ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህን የሚደግፍ ጥናት አለ። ሃጆ አዳም የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ነው። ውጭ አገር የኖሩ ሰዎች ካልኖሩት ይልቅ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ነገር ጠርቶላቸው አገኙ። ምክንያቱ ያው የእኔ ደብተር ነው። ሰው የተለየ ነገር ሲገጥመው «ይህ አመል የእኔ ነው ወይስ ያደግኩበት ቦታ?» እያለ ይለያል። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ወሳኙ የአገሮቹ ብዛት አልነበረም፣ የቆይታው ርዝመት ነበር። ሲቪ ላይ ሦስት አገር በሁለት በሁለት ዓመት መደርደር ያምራል። እኔ ግን ምረጥ ብትሉኝ አንድ አገር ስድስት ዓመት እመርጣለሁ። ሁለት ዓመት ስህተታችሁ ተመልሶ የሚመጣበት ጊዜ አይደለም። ዲዛይን ያደረጋችሁት ሕንፃ እንኳን ገና አልቆ አልገቡበትም።

ሌላ ጥናት ልጨምር፣ እንቆቅልሽ ስላለበት። ሻማ፣ ክብሪትና በሳጥን የተሞላ ትናንሽ ሚስማር ይሰጣችኋል። ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ፣ ሰሙ ወለሉ ላይ አይንጠብ ትባላላችሁ። መልሱ ሚስማሩን ደፍቶ ባዶውን ሳጥን በሚስማሩ ግድግዳው ላይ መምታትና ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሳጥኑ የሚስማር ማስቀመጫ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ዊሊያም ማዱክስና አዳም ጋሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሥራ፣ ውጭ አገር የኖሩ ተማሪዎች ይህን ይበልጥ ሲፈቱ ታዩ። ለጉብኝት ብቻ የሄዱት ግን ምንም ብልጫ አላሳዩም። በርግጥ «መጀመሪያውኑ ነገር የሚገለባብጠው ሰው ነው አገር የሚቀይረው» ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔም በከፊል ይመስለኛል። ቢሆንም ከዚያ የኮለን ቀን በኋላ ሳጥን ሳይ ውስጡ ምን ይኖር ይሆን ከማለቴ በፊት ሳጥኑስ ምን ይሆናል እላለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ ጉዳይ ልምጣ።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አሳተመ። ቦስተን አጠገብ ባለች ከተማ በሰው በኩል አዲስ ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን የነገራችሁን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር? አላቸው። ዘወትር ከሚያገኙት ሰው የሰሙት 16.7 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 ከመቶው አልፎ አልፎ ከሚያዩት ሰው ነው የሰሙት። 27.8 ከመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ከሚያገኙት። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። አዲስ ነገር የሚመጣው ከዳር ካሉት ነው።

አሁን አስቡት። አገር ስትለቁ ማንን ነው የምታጡት? እናታችሁን አታጡም፣ ስልክ አለ። የልብ ጓደኛችሁም በሳምንት አንዴ ይደውላል። የምታጡት እነዚያን የዳር ሰዎች ነው። ላቦራቶሪ ናሙና የሚሰብረውን ልጅ፣ ፕላን የሚያትምላችሁን፣ ደረጃ ላይ ሰላም የምትሉትን፣ «እነ እገሌ ሰው ይፈልጋሉ አሉ» ብሎ በወሬ መሐል ጣል የሚያደርገውን። ለእነሱ ማንም ስልክ አይደውልም። ምን ብሎ ይደውላል? ስለዚህ በአንድ ቀን በረራ ሁሉም ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ዓመት ብቸኝነት ግራ የሚያጋባው በዚህ ነው። ከምወዳቸው ሁሉ ጋር በየቀኑ እያወራሁ ምንድን ነው የጎደለኝ ትላላችሁ። የጎደለው ያ ነው።

ሥራና ቤት አንድ ላይ የሚገናኙትም እዚህ ጋ ነው። ሙያችሁን መልሶ የሚያቆመው የዳር ሰው ነው። ቤት የሚያደርጋችሁም እሱ ነው። እኔ ኪዩብና ሲሊንደሩን በደንብ ልረዳ ብዬ ላቦራቶሪ መመላለስ ጀመርኩ። ናሙና ሲሰበር ቆሜ አያለሁ። የሚሰብረው ሰው መጀመሪያ ሰላይ መስዬው ነበር መሰለኝ። በኋላ የትኛው ኮንትራክተር ውኃ እንደሚያበዛ የሚነግረኝ እሱ ሆነ። ለምን አውቶቡስ እንደሚዘገይም እሱ ነው የሚነግረኝ። የትኛው ወሬ የሥራ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ይህ ሁሉ በቋንቋ ነው እንግዲህ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች የሚሠለጥኑበት ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለሥራ የሚበቃ ቋንቋ ለመልመድ ስንት የክፍል ሰዓት እንደሚፈጅበት ያወጣው ግምት አለ። ለቅርቦቹ ቋንቋዎች ከ600 እስከ 750 ሰዓት፣ እንደ ቻይንኛና ዓረብኛ ላሉት 2200 ሰዓት ይላል። ሰዓቱ ያስፈራል። ግን የሥራ ቋንቋ እንደዚያ ከባድ አይደለም። እኔ በአራት ወር ስለ ጭነትና ስለ ፌሮ አወራ ነበር። መቀለድ የቻልኩት በአራተኛው ዓመት ነው። በመሐሉ ያለውን ጊዜ ሌላ ሰው ሆኜ ነው ያሳለፍኩት፣ ዝምተኛ፣ ቁም ነገረኛ። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ በራሴ ቋንቋ ስልክ እያወራሁ ከት ብዬ ስቄያለሁ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ዞር ብላ በድንጋጤ አየችኝ። «አንተ ትስቃለህ እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ያን ቀን ብዙ አዘንኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አላገኘችኝም ማለት ነው።

ስቬሬ ሊስጎር የሚባል ኖርዌያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 በትምህርትና በምርምር አሜሪካ ቆይተው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ ነበር። ከስድስት ወር በታች የቆዩት ደህና ነበሩ። ከ18 ወር በላይ የቆዩትም ደህና ነበሩ። የከበዳቸው በመሐል ያሉት ናቸው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁሉም ሰው እንዲህ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጨነቅም ሞልቷል ብለዋል። እውነት ነው። የእኔ ግን ልክ እንደ ሊስጎር መጣ። በ11ኛው ወር ትኬት ዋጋ ማየት ጀመርኩ። ምንም የተለየ ነገር አልደረሰብኝም። መንገዱን አውቄዋለሁ፣ ሥራውን ለምጄዋለሁ፣ አዲስነቱ አልቋል። የሚያውቀኝ ሰው ግን ገና የለም። ብትሄዱ በዚያ ወቅት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። ይህን ብቻ ነው የምመክረው።

ኦይለርን ላንሳላችሁ። እኛ የኮለን ሰዎች ስሙን በየቀኑ እንጠራለን። ቀጭን ኮለን ስንት ሲጫንበት እንደሚጎብጥ የምናሰላበት ቀመር የእሱ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1707 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል ከተማ ተወለደ። እዚያው ባዝል ለፊዚክስ ፕሮፌሰርነት አመለከተ፣ አልሆነለትም። በ1727፣ በ20 ዓመቱ፣ የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ወደነበረባት ሴንት ፒተርስበርግ ገባ። የተጠራው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ለፊዚዮሎጂ ክፍል፣ ስለ ሰው አካል ሊያጠና። ለዚያ ብሎም አናቶሚ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ሲደርስ ነገሩ ተቀያየረና ወደ ሒሳብና ፊዚክስ ተዛወረ። በመሐሉ የሩሲያ ባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ሥራ አገልግሏል። ሩሲያኛም ተማረ። በ1731 የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1733 የአገሩ ልጅ፣ የሒሳብ ሊቁ ዳንኤል በርኑሊ ወደ ባዝል ሲመለስ የሒሳቡን ወንበር ተረከበ። ከአንድ ከተማ ሄደው፣ አንድ ቦታ ሠርተው፣ አንዱ ተመለሰ፣ አንዱ ቀረ። በርኑሊም አልተሳሳተም፣ ባዝል ሄዶ ትልልቅ ሥራ ሠርቷል።

ኦይለር በ1741 ወደ በርሊን ሄደና 25 ዓመት ኖረ። ያ የኮለን ሥራ በ1744 የታተመው በርሊን እያለ ነው። ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ ከፒተርስበርግ አካዳሚ ጋር አልተቆራረጠም። ጽሑፍ ይልካል፣ ክፍያም ይልኩለታል። በ1766 በርሊን ሲጎረብጠው ተነሳ። ሰው ሲከፋው ወደ አገሩ ይመለሳል አይደል? እሱ የሄደው ወደ ባዝል አይደለም። ወደ ፒተርስበርግ ነው። በ1783 የሞተውም እዚያው ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ስለ 1766 ሲያወሩ «ተመለሰ» ነው የሚሉት። እንግዳ ሆኖ ወደ ገባበት ከተማ «ተመለሰ»! ለዚያች ቃል ብዬ ነው ይህን ታሪክ የምወደው።

ሁለተኛው ቤት የመጀመሪያውን ያስረሳል ብላችሁ ደግሞ አትስጉ። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ከዋርሶ ወደ ፓሪስ ስትሄድ ተምሬ እመለሳለሁ ብላ ነበር። በ1894 ልትመለስ ሞከረች፣ ክራኮው ላይ ሴት በመሆኗ ሥራ ከለከሏት። ወደ ፓሪስ ሄደች። በ1898 ከባሏ ጋር ላገኙት አዲስ ንጥረ ነገር ፖሎኒየም የሚል ስም አወጡለት፣ በፖላንድ ስም። ያኔ ፖላንድ የሚባል አገር ካርታ ላይ የለም፣ ሦስት መንግሥታት ተከፋፍለውታል። እሷ ፓሪስ ተቀምጣ በንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ላይ መለሰችው።

አሁን ደስ የማይለውን ላንሳ። የማወራው የታደለ ሰው ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ሌላ አገር ሄደው በሥራ ዓለም ውስጥ የነበሩ ሰዎች 167.7 ሚሊዮን ናቸው። ከዓለም የሥራ ኃይል 4.7 ከመቶ ማለት ነው። ብዙዎቹ እንደ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ አይደሉም። ሰው ያስታምማሉ፣ ቤት ያጸዳሉ፣ እኔ የሣልኩትን ኮለን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረባቸው አሉ። ሥራውን በለቀቁ ማግስት አገሩን መልቀቅ አለባቸው። እንዲህ ባለ ሕግ ሥር 20 ዓመት ቢኖር እንኳ ሰው ቤት አይሠራም። ኮንትራት ስትፈርሙ ከደመወዙ በፊት ይህን አንቀጽ ፈልጉ፦ ፈቃዴ የእኔ ነው ወይስ የአሠሪዬ? ፓስፖርታችሁንም ለማንም አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የስደተኛ ሠራተኞች ስምምነት፣ በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው ባለሥልጣን በቀር የሌላ ሰው መታወቂያ ሰነድ መያዝ ሕገ ወጥ ነው ይላል። የሚያሳዝነው፣ ስምምነቱን የፈረሙት በብዛት ሠራተኛ የሚልኩት አገሮች ናቸው።

ስለ ወረቀት በአጭሩ። የትምህርት ማስረጃችሁን ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ፣ ከርቀት ማስጨረስ መከራ ነው። ዲግሪ መታወቅና የሙያ ፈቃድ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ። ጡረታ ደግሞ የማታስቡት ነገር ነው። ሁለቱ አገሮች የተፈራረሙት ስምምነት ከሌለ እዚህ የከፈላችሁት ዓመትና እዚያ የከፈላችሁት ዓመት ላይደመሩ ይችላሉ። ግማሽ ጡረታ ከሁለት ቦታ ሳይሆን ምንም ከሁለት ቦታ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንድ ጓደኛዬ ይህን ያወቀው በ58 ዓመቱ ነው።

ዋጋውም አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ከብብት የሚወድቅ ነገር አይጠፋም። የታናሽ ወንድሜን ሠርግ በስልክ ስክሪን ነው ያየሁት፣ ያውም እየተቆራረጠ። አብረውኝ የጀመሩት መሐንዲሶች እኔ ቋንቋ ስማር እነሱ ክፍል ኃላፊ ሆነዋል። በአንድ ወቅት አገሬ ልግባ ብዬ ኢንተርቪው ተቀምጬ፣ የውጭ አገር ዓመታቴን ጠያቂው እንደ እረፍት ጊዜ ነው ያለፋቸው። ቁጥሬ እዚያ ሲሊንደር ነበር፣ እዚህ ደግሞ በኪዩብ ሊያነቡኝ ነው። እኔም ተለውጫለሁ። ጋላሆርን የሚባሉ ተመራማሪ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን የመመለስ ድንጋጤ ጽፈውበታል። ሲሄዱ አንድ ጊዜ መውረድ፣ ሲመለሱ ሌላ መውረድ። ሁለተኛው የሚያመው ማንም ስለማይጠብቀው ነው። ገና በሄዳችሁበት አገር ግራ ብትጋቡ «እንግዳ ነው» ይሏችኋል። በገዛ አገራችሁ ግራ ብትጋቡ ግን «ተኮፈሰ» ነው የሚባለው።

ታዲያ ሁለተኛው ቤት መቼ ነው ቤት የሚሆነው? ቀን የለውም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፣ እንደዚያ ነው። እኔ የነቃሁት በቆሻሻ ነው።

በመጀመሪያው ወር ቆሻሻ አውጥቼ በሬ ላይ አስቀመጥኩ። ከታች ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት መጥተው በሬን አንኳኩ። በጣታቸው ከረጢቱን እያመለከቱ «እኛ ጋ ቆሻሻ የሚወጣው ሐሙስ ነው» አሉኝ። ተቆጥተዋል። እኔም ተቀየምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሰላም ሳይሉ ይናገራሉ? «እኛ ጋ» የሚሏት ነገር በተለይ ከነከነችኝ። እኔስ የት ጋ ነኝ?

በስድስተኛው ዓመት ፎቁ ላይ አንድ ወጣት ገባ፣ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ። ሰኞ ማታ ከረጢቱን አወጣ። አየሁትና አንኳኳሁ። ሰላም አላልኩትም መሰለኝ። «እኛ ጋ ቆሻሻ የሚወጣው ሐሙስ ነው» አልኩት። ልጁ ቀላ፣ ይቅርታ ጠየቀ። በሬን ዘግቼ ስገባ ነው ያልኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ። «እኛ ጋ።» ማን ነኝ እኔ? ተመልሼ ሄጄ በሩን አንኳኳሁና ስሙን ጠየቅኩት። በኋላ ላቦራቶሪውንም አሳየሁት። እሱም የእኛው ሙያ ሰው ነበር፣ እሱም ኪዩብ።

በዚያው ሰሞን ከእናቴ ጋር በስልክ እያወራን ነው። «እማዬ፣ ድምፅሽ አይሰማኝም፣ እኛ ጋ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው ነው» አልኳት። እንዳልኩት ደነገጥኩ። «እኛ ጋ» ብዬ ለእናቴ ስለ ሌላ አገር ነው የነገርኳት። ዝም አልኩ፣ ትቀየማለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። ዝናቡ ጋብ እስኪል ቆየችና «እናንተ ጋ መሽቷል እንዴ?» አለችኝ።

ስታስቡት ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ስትጠይቀኝ ኖራለች። «እናንተ ጋ መሽቷል?» «እናንተ ጋ ብርድ ነው?» ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። እኔ ነኝ ያልሰማኋት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ፣ ከደመወዙ በቀር፣ እመልሳለሁ።